ስለ ወጣቶች ልቡና መሠራትና ስለ አሳዳጊዎች ኀላፊነት

የአንድ አገር ሀብት ሲቈጠር መሬቱ፣ ወንዙ፣ ማዕድኑና ከብቱ በመዝገብ ይጻፋል። የወጣቶቹ ልቡና ግን በመዝገብ አይገባም፤ ሲጐዳም ጉዳቱ በዚያው ዓመት አይታይም። መንገድ ቢበላሽ መንገደኛው ወዲያው ይጮኻል፤ ድልድይ ቢፈርስ ዳኛውም ነጋዴውም በማግሥቱ ያውቁታል። የልጅ ልብ ሲሰበር ግን ድምፁ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜም የሰበረው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አይገኝም፤ ይልቁንም ወጣቱ ራሱ ቍጡ፣ ሰነፍ፣ ባለጌ ተብሎ ይወቀሳል።

ስለዚህ ነገር በሰዎች ዘንድ ሁለት የተሳሳቱ አሳቦች ሲነገሩ ይሰማል። አንደኛው፣ ሕፃን የደረሰበትን አያስታውስምና ምግብና ልብስ ካገኘ ይበቃዋል የሚል ነው። ሁለተኛውም፣ ጐረምሳ አንድ ጊዜ ከጠመመ በኋላ የሚያቃናው የለምና በእርሱ ላይ መድከም ከንቱ ነው የሚል ነው። የመጀመሪያው አሳብ ሕፃኑን ያስጥላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ወጣቱን ያስጥላል። ሁለቱም ከእውነት የራቁ መሆናቸውን በሩማንያ አገር የደረሰው ነገርና ከዚያ ወዲህ ከ30 ዓመት በላይ የተደረገው ምርመራ በግልጥ ያስረዳል። ከዚህ በታች የውጭ አገር ነገር ሲነገር የሚጻፈው ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያ ነገር ሲነገር ግን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

በ1966 ዓመት የሩማንያ ገዥ ኒኮላይ ቻውሼስኩ የሕዝቡን ቍጥር ለማብዛት አስቦ 770ኛው ድንጋጌ የተባለውን ሕግ አወጣ። ሕጉም ፅንስ ማስወረድን ከጥቂት ምክንያት በቀር የሚከለክል ነበረ። በዚያ ዓመት የተወለዱት ልጆች 273 ሺህ ያህል ነበሩ፤ በማግሥቱ ዓመት በ1967 ግን 527 ሺህ ያህል ሆኑ። ቍጥሩ በአንድ ዓመት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። ነገር ግን ሕጉ ልጅ እንዲወለድ አዘዘ እንጂ ለወላጆቹ እንጀራ አልጨመረላቸውም። ስለዚህ ማሳደግ ያቃታቸው ድኾች ልጆቻቸውን ወደ መንግሥት ማሳደጊያ ቤት እየወሰዱ ሰጡ፤ ባለ ሥልጣኖችም ከድኻ ወላጅ ይልቅ መንግሥት አሳምሮ ያሳድጋል እያሉ ይህን ነገር ይደግፉ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1989 አገዛዙ በወደቀ ጊዜ በነዚህ ቤቶች ውስጥ ከ100 ሺህ የሚበልጡ ልጆች ተገኙ። እነርሱም የሙት ልጆች ይባሉ እንጂ አብዛኞቹ ወላጆቻቸው በሕይወት ያሉ ነበሩ።

ወደ ቤቶቹ የገቡ እንግዶች ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጣቸው ዝምታው ነበረ። ብዙ ሕፃናት በተኙበት ክፍል የልቅሶ ድምፅ አይሰማም ነበር። ሕፃን የሚያለቅሰው ሰው እንዲመጣለት ነው፤ ደጋግሞ አልቅሶ የሚመጣለት ሲያጣ ማልቀሱን ይተዋል። አንዲት ሞግዚት ከ10 በላይ ሕፃናት እንድትጠብቅ ስለ ታዘዘች፣ ጡጦው በትራስ ተደግፎ ይሰጥ ነበር እንጂ የሚያቅፍ እጅ አልነበረም። መብላት፣ መታጠብና መተኛት ሁሉ በሰዓት ነበረ፤ ሞግዚቶቹም በየፈረቃው ይለዋወጡ ስለ ነበር ሕፃኑ ይህች የእኔ ናት የሚላት አንዲት ሴት አልነበረችውም። ስለዚህ በዚያ ቤት የጐደለው የዳቦና የብርድ ልብስ ነገር ብቻ አልነበረም፤ የጐደለው ሕፃኑን በስሙ የሚያውቀው አንድ ሰው ነበረ።

ከዚያ በኋላ ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ በጉዲፈቻ ወደ ሌላ አገር ሄዱ። በ2021 ዓመት ያረፉት የለንደኑ የአእምሮ ሐኪም ሰር ማይክል ራተር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በእንግሊዝ ቤተ ሰቦች ዘንድ የገቡትን 165 የሩማንያ ልጆች ከሕፃንነታቸው እስከ ጐልማሳነታቸው ድረስ ተከታተሉ፤ ለማመዛዘኛም በዚያው በእንግሊዝ አገር ተወልደው በጉዲፈቻ ያደጉ 52 ልጆችን አብረው መረመሩ። የተገኘውም ነገር የሚያስደንቅ ነው። 6 ወር ሳይሞላቸው ከማሳደጊያው የወጡት ልጆች ከእንግሊዞቹ ልጆች ብዙም አልተለዩም። ከ6 ወር በላይ የቈዩት ግን ምንም እንኳ በመልካም ቤተ ሰብ ቢያድጉ፣ ከነርሱ ብዙዎቹ ከሰው ጋር በመግባባት፣ አሳብን በአንድ ነገር ላይ በማጽናትና ራስን በመግዛት ሲቸገሩ ተገኙ።

በ2017 ዓመት የታተመው የዚሁ ምርመራ ክፍል ደግሞ ሌላ ነገር ገለጠ። ከ6 ወር በላይ የቈዩት ልጆች በትምህርት የመረዳት ችሎታቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየተሻሻለ ሄዶ በጐልማሳነታቸው ከሌሎቹ ጋር ተቀራረበ። ኀዘንና ፍርሃት ግን በሕፃንነታቸው ብዙ ሳይታይባቸው ቈይቶ፣ በወጣትነታቸው ዘመን ጀምሮ በጐልማሳነታቸው ጸና። በ2020 ዓመትም የ67ቱ አንጐል በማግኔት ኀይል ሥዕል በሚያነሣ መሣሪያ ሲታይ፣ መጠኑ በእንግሊዝ ከተወለዱት የጉዲፈቻ ልጆች አንጐል በአማካይ ከ100 እጅ 8.6 ያህል አንሶ ተገኘ፤ በማሳደጊያ ቤት የቈዩበት ወር በረዘመ ቍጥርም ልዩነቱ ይበልጥ ነበር። እንግዲህ ሕፃን አያስታውስም የሚለው አሳብ በዚህ ይፈርሳል። ምላሱ ሊናገረው ባይችልም አካሉ ያስታውሳልና።

ሁለተኛው ታላቅ ምርመራ በ2000 ዓመት በራሷ በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት ተጀመረ። ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚና የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በማሳደጊያ ቤት የነበሩትን 136 ሕፃናት በዕጣ ከፍለው፣ እኩሌቶቹን ተመርጠው ለተዘጋጁ አሳዳጊ ቤተ ሰቦች ሰጡ፤ የቀሩት ግን እንደ ቀድሞው እንዲኖሩ ሆነ። በዚህ ምርመራ ላይ ብዙ ሰዎች፣ ስለ ምን እኩሌቶቹ ብቻ ከመከራ ወጡ ብለው ጠይቀዋል፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። መርማሪዎቹ የሰጡት መልስ፣ በዚያን ጊዜ በከተማው ውስጥ አሳዳጊ ቤተ ሰብ የሚባል ነገር የለም ያህል እንደ ነበረ፣ ከቀሩትም ልጆች ማንም ወደ ቤተ ሰብ ለመግባት ዕድል ቢያገኝ እንዳልተከለከለ የሚያስረዳ ነው።

ውጤቱም የሚከተለው ሆነ። ወደ ቤተ ሰብ የገቡት ልጆች በእውቀትም በጠባይም ከቀሩት ተሻሉ፤ ይልቁንም 2 ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር በፍቅር በመጣበቅ እጅግ በለጡ። 12 ዓመት ያህል በሆናቸው ጊዜም በሰው ፊት ንግግር እንዲያደርጉና ሒሳብ እንዲሠሩ በማዘዝ ጥቂት ጭንቀት ተሰጥቷቸው የሰውነታቸው አኳኋን ተመረመረ። በማሳደጊያ ቤት የቀሩት ልጆች ሰውነት ለጭንቀት የሚገባውን መልስ ሳይሰጥ ደንዝዞ ተገኘ። በጊዜው ወደ ቤተ ሰብ የገቡት ግን ከወላጆቻቸው ጋር እንዳደጉት ልጆች ሆነው ተገኙ።

ይህ መደንዘዝ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የሰው አካል ጭንቀትን የሚቀበልበትን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው የሚያስፈራ ነገር ባየ ጊዜ አንጐል ለሌሎቹ ብልቶች ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ ከኵላሊት በላይ የተቀመጡት ትንንሽ ዕጢዎችም ኮርቲዞል የሚባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ያፈሳሉ። ይህም ለሰው ጥቅም የተሠራ ነገር ነው፤ ኀይልን ያሰባስባል፤ ያነቃል፤ አደጋው ሲያልፍም ነገሩ ሁሉ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል። ማንቂያው ሳያርፍ ሌትና ቀን ቢደወል ግን የሰፈሩ ሰው ድምፁን ለምዶ እንደሚተወው ሁሉ፣ ጭንቀት ያልተለየው ልጅ ሰውነትም ወይ ለጥቂቱ ነገር ሁሉ የሚደነብር ይሆናል፤ ወይም ለታላቁም ነገር የማይነቃ ይሆናል። አስተማሪ እንዲህ ያለውን ልጅ ሲያየው አንዱን ቍጡ፣ ሁለተኛውን ደንታ ቢስ ይለዋል። የሁለቱም ሕመም ምንጭ ግን አንድ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የወጣትነት ዘመን ይጨመራል። ልጅ ለአካለ መጠን መድረስ ሲጀምር አንጐሉ እንደ ገና ይታደሳል፤ ያልተሠራባቸው መገናኛዎች ይቈረጣሉ፤ የሚሠራባቸው ይጸናሉ። ነገር ግን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይበስልም። ለፍርሃት፣ ለደስታና ለክብር የሚነሣሣው ክፍል ቀድሞ ይበረታል፤ በግንባር በኩል ያለው የሚመዝንና የሚገታው ክፍል ግን ሥራውን የሚፈጽመው ከ20 ዓመት በኋላ፣ እስከ 25 ዓመት ግድም ነው። አባቶች፣ የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ያሉት በዚህ ዘመን በመሣሪያ ታይቶ ተረጋገጠ ማለት ይቻላል።

ደግሞም በዚህ ዕድሜ የባልንጀራ አስተያየት ከምንም ነገር ይልቅ ይከብዳል። በ2005 ዓመት በአሜሪካ በታተመ ምርመራ፣ ወጣቶች በጨዋታ መኪና ሲነዱ ብቻቸውን ሳሉ ከጐልማሶች ብዙ አልተለዩም፤ ባልንጀሮቻቸው ሲመለከቷቸው ግን ወደ አደጋ መግባታቸው እጅግ ጨመረ፤ በጐልማሶቹ ላይ ይህ ለውጥ አልታየም። እንዲሁም በ2015 ዓመት በሜነሶታ ዩኒቨርሲቲ በወጣ ሌላ ምርመራ፣ የ9 እና የ10 ዓመት ልጆች ወላጅ አጠገባቸው ሆኖ ሲረዳቸው ጭንቀታቸው በአካላቸው ሳይታይ ቀረ፤ የ15 እና የ16 ዓመቶቹን ግን የወላጅ መኖር በዚሁ አኳኋን አላረጋጋቸውም። ከዚህ የተነሣ በወጣትነት ጊዜ መናቅ፣ በሰው ፊት መዋረድና ከማኅበር መለየት፣ ለጐልማሳ ቀላል የሚመስለው፣ ለወጣቱ ጥልቅ ቍስል ይሆንበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጠውም ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆች ከ7 አንዱ የአእምሮ ሕመም ያለበት ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ዘመን የተስፋ ዘመን ደግሞ ነው። የሜነሶታዋ ሊቅ ሜገን ጋነር ከባልደረቦቿ ጋር ሆና በ2019 ዓመት ያሳተመችው ምርመራ፣ በሕፃንነታቸው በማሳደጊያ ቤት ቈይተው ኋላ ወደ መልካም ቤተ ሰብ የገቡትን ልጆች ከ7 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ተመለከተ። ለአካለ መጠን ለመድረስ ገና የጀመሩት ሰውነታቸው ለጭንቀት እንደ ደነዘዘ ነበር። ወደ ፊት የገፉት ግን ከወላጆቻቸው ጋር እንዳደጉት ልጆች ሆነው መልስ መስጠት ጀመሩ። በሕፃንነት የተዘጋው በር በወጣትነት እንደ ገና ጥቂት ተከፈተ ማለት ነው። ነገር ግን በር ሲከፈት የሚገባው መልካም ነገር ብቻ አይደለም። እነዚህ ልጆች በዚያን ጊዜ ለብዙ ዓመት በሚወዷቸው ሰዎች ቤት ነበሩ። ወጣቱ በዚህ ዕድሜው ጦርነት፣ ስደት፣ ዱላና ስድብ ቢያገኘው፣ የተከፈተው በር ክፉውንም ያስገባል ብሎ መፍራት የሚገባ ነው።

ከዚህ ሁሉ ላይ መጨመር የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ከ6 ወር በላይ በዚያ መከራ ከቈዩት የሩማንያ ልጆች ከ5 አንዱ ያህል ከሕፃንነት እስከ ጐልማሳነት ድረስ በተመረመሩበት ነገር ሁሉ ጤነኛ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ይህ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበታልና ተስፋ የለውም ብሎ በአንድ ሰው ላይ መፍረድ ስሕተት ነው። ምርመራው የሚናገረው ስለ ብዙዎች ነው እንጂ ስለ እያንዳንዱ ሰው የተጻፈ ፍርድ አይደለም።

እንግዲህ መከራ ሁሉ ልጅን ይጐዳልን ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አይደለም ነው። በመጠኑ የሆነና የሚያልፍ ችግር ልጅን ያበረታል፤ ፈተና ያልቀመሰ ልጅ ሰው አይሆንምና። ይህን ለመረዳት የአብነት ትምህርት ቤትን ማስታወስ ይበቃል። የቆሎ ተማሪ በልጅነቱ ከእናት ከአባቱ ተለይቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቍራሽ ለምኖ ይማራል። ከዚያ የወጡ ብዙዎች ለቤተ ክርስቲያንም ለመንግሥትም ታላላቅ ሰዎች ሆነዋል። ነገር ግን ያ ተማሪ ብቻውን አልነበረም። ስሙንና አገሩን የሚያውቁ የኔታ ነበሩት፤ ሲታመም ውሃ የሚያቀብለው የጎጆ ጓደኛ ነበረው፤ ፊደሉን የሚያስቀጽለው ታላቅ ተማሪ ነበረው፤ ቍራሽ የምትሰጠውም የመንደር ሴት ልጄ ትለው ነበር። የሚለየው ነገር እንግዲህ የመከራው ብዛት ብቻ አይደለም፤ በመከራው ጊዜ አጠገብ የሚገኝ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው። ይህ ጥበቃ በሌለበት ስፍራ ግን፣ ታላቁ ታናሹን በሚያስጨንቅበትና በትሩ ያለ ልክ በሚበዛበት፣ ቀድሞም ቢሆን ብዙ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ጠፍቷል። ከወጡት ታላላቆች ጋር የጠፉትንም መቍጠር የሊቃውንት ሥራ ነው።

የሩማንያው ነገር ኢትዮጵያን የሚነካበት መንገድ ብዙ ነው። በሺህ የሚቈጠሩ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ከኖሩ በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን የሚከለክል ሕግ አጽድቋል። ሕጉ አንዱን በር ዘጋ፤ ሁለተኛውን በር፣ ማለት የአገር ውስጥ ጉዲፈቻንና አሳዳጊ ቤተ ሰብን፣ አስፍቶ የመክፈቱ ሥራ ግን ያለ ማቋረጥ መሠራት ያለበት ነው። ይህ ካልሆነ ልጆቹ የሚቀሩት በማሳደጊያ ቤት ነው፤ የሩማንያም ታሪክ የጀመረው እንዲሁ ነው። ጉዲፈቻ ደግሞ ከባዕድ የመጣ ሥርዓት አይደለም፤ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ፣ ስሙም ከዚያው ቋንቋ የተገኘ የአገር ልማድ ነው። የክርስትና አባትና እናትም በሥርዓቱ መሠረት ስም ብቻ ሳይሆን ኀላፊነት ያለባቸው ናቸው።

ከሕፃናቱም ሌላ ወጣቶቹ አሉ። በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በወረርሽኙ ምክንያት የአገሩ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። ወዲያውም በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሥቶ እስከ 2015 ዓ.ም. ስምምነት ድረስ ቈየ፤ ከዚያም ወዲህ በልዩ ልዩ ስፍራ ግጭት አልጠፋም። በእነዚህ ዓመታት 12 እና 13 ዓመት የነበራቸው ልጆች አንጐላቸው እንደ ገና በሚሠራበት በዚያው ጊዜ ትምህርት ቤታቸውን፣ ባልንጀሮቻቸውን፣ አንዳንዶቹም ቤታቸውንና ወላጆቻቸውን አጥተዋል። የፈረሰው ትምህርት ቤት በድንጋይና በቆርቆሮ ይሠራል፤ የልጆቹ ነገር ግን በድንጋይ አይሠራም። ልጁ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ቢያንቀላፋ፣ ቢደነግጥ፣ ቢጣላ ወይም ዝም ቢል፣ መምህሩ በትሩን ከማንሣቱ በፊት፣ ይህ ልጅ ምን አይቶ መጣ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ከባለ ሥልጣን ወገን፣ አሳቡ መልካም ነው፣ ገንዘቡ ግን ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ነገር ግን ማሳደጊያ ቤት ርካሽ አይደለም። ቤት ይሠራል፤ ዘበኛ፣ ሞግዚት፣ ወጥ ቤትና ጸሐፊ ይቀጠራል። አብዛኞቹ የሩማንያ ልጆች ወላጅ የነበራቸው መሆኑን ያስተዋለ ሰው፣ ከዚያ ወጪ ጥቂቱ አስቀድሞ ለድኻይቱ እናት ቢሰጥ ኖሮ ልጁ ከቤቱ ባልወጣ ነበር ይላል። ሩማንያ ራሷ በ2004 ዓመት ባወጣችው ሕግ፣ ከባድ የአካል ጉዳት ካለባቸው በቀር 2 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ወደ ማሳደጊያ ቤት እንዳይገቡ ከለከለች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2019 ዓመት፣ ማሳደጊያ ቤቶች እየቀነሱ በቤተ ሰብ እንዲተኩ ለመንግሥታት ሁሉ የሚያሳስብ ውሳኔ አሳልፏል።

ስለዚህ በወረዳና በቀበሌ ያሉት ሹማምንት የሙት ልጅ ሲመጣላቸው አስቀድመው አክስት፣ አጎት፣ አያትና ጎረቤት መፈለግ፣ ለተገኘውም ዘመድ መደጐሚያ መስጠት ይገባቸዋል፤ ማሳደጊያ ቤት ሌላ መንገድ ሲጠፋ የሚታሰብ የመጨረሻ ነገር ይሁን። በዚያ ላሉት ልጆችም ሞግዚት በየወሩ እንዳትለዋወጥ፣ አንዲት ሴት ጥቂት ልጆችን ብቻ እንድትይዝ ማድረግ አዲስ ሕንጻ ከመሥራት ይቀድማል። መምህራን ልጅን በጓደኞቹ ፊት ማዋረድ ትምህርት እንዳልሆነ ይወቁ። ካህናትም የንስሓ ልጆቻቸውን ቤት ሲጐበኙ፣ በዚያ ቤት ከዘመድ ተቀብላ የምትኖረው ወይም ተቀጥራ የምታገለግለው ልጅ እንዴት እንዳለች፣ ትምህርት ቤት ትሄድ እንደ ሆነ ይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ገንዘብ አይፈጅም።

ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለው ምክር ለሕፃኑ የተነገረ ይመስላል፤ እውነትም ነው፤ ቀድሞ የተደረገ ነገር ሁሉ ይበልጣልና። ነገር ግን የወጣትነት ዘመን ግንዱ እንደ ገና የሚለመልምበት ሁለተኛ ወራት መሆኑ ከታወቀ ዘንድ፣ ጊዜው አልፏል ብሎ የ14 ዓመት ልጅን መተው ምክንያት የሌለው ነገር ነው። የዛሬ የ14 ዓመት ልጅ ከ20 ዓመት በኋላ ዳኛ፣ ወታደር፣ መምህር፣ ካህን፣ አባት ወይም እናት ይሆናል። በዚያን ጊዜ በሌላው ላይ የሚፈርደው ዛሬ በተፈረደበት፣ ሌላውንም የሚያሳድገው ዛሬ ባደገበት ልክ እንዳይሆን ማሰብ የሚገባው ዛሬ በሥልጣን ላይ ያለው ሰው ነው።